ዴልማ የሞላችው ጥይት

እኛ አገር ሁለት ወንዶች ከተገናኙ ወሬያቸው በአየሩ ይጀምርና በጥይት ያልቃል። ሞንታና ውስጥ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው ብድግ በሚልበት ሰን በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ክላይድ የሚባል ሰው የመሣሪያ ሱቅ አለው። ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው የሚከራከሩ ሰዎች ጠፍተውበት አያውቁም። አንዱ፣ «ስድስት ነጥብ አምስት የሚሉትን ቀላል ጥይት የመሰለ የለም፤ ነፋስ አይገፋውም፣ ትከሻ አይሰብርም» ይላል። ሌላው፣ «እሱን ለጥንቸል አድርገው! ለትልቅ አውሬ፣ ያውም በሩቁ፣ ከከባዱ ከሦስት መቶ ማግነም ወዲያ ላሳር ነው» ይላል። ግማሾቹ ዓመት ሙሉ ምላጭ ስበው አያውቁም፤ ወሬው ግን አያልቅባቸውም።

የክላይድ እህት ዴልማ ለዚህ ክርክር ጊዜ አልነበራትም። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ቀን ለልጆች ድንች ስትልጥ ትውላለች፣ እቤቷ ስትገባ ደግሞ ጥይት ትሞላለች። ሥራውን ያስተማራት አባቷ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ታጥባለች፣ አዲስ መለኮሻ ትከትበታለች፣ ባሩዱን በትንሿ ሚዛን መዝና ታንቆረቁራለች፣ አረሩን ቀጥ አድርጋ ትገጥምበታለች። ባሏ ኦርቪል ከተጋቡ ጀምሮ የሱቅ ጥይት ጠመንጃው ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። «የዴልማ እጅ ያልነካውን አልተኩስም» ይላል ሰው ፊት። እሷ ታፍራለች፣ ግን ደስታዋ ከእፍረቷ ይበልጣል።

ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ በፈረስ ኮቴ ላይ ብረት ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ሥራው ሁለቱንም ጉልበቶቹን ጨረሰበት፤ ግራ ዓይኑንም ወሰደበት። አንዲት ባዝራ ድንገት እግሯን ስትነጥቀው ምስማሩ ተፈናጥሮ ዓይኑ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ርቀት መገመት አይችልም፤ ባንድ ዓይን ሲያዩ ቅርቡም ሩቁም አንድ ይሆናል። አደን ሲወጡ ርቀቱን በመለኪያ መነጽር የምትለካለት ዴልማ ናት። እሷ ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ እሱ የጠመንጃውን መነጽር መዘውር በዚያ ልክ አዙሮ ይተኩሳል። እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት አደኑ፤ ቁጥሯን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ይህ ሰው ሁለት ሕግ ነበረው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ አጋዘን ነው። በጎልማሳነቱ በተዋሰው ቀላል ጥይት፣ ከሩቅ፣ ፈረስ የሚያህል አጋዘን መታ። አጋዘኑ አልወደቀም። በረዶው ላይ ደሙን እያየ ተከተለው፣ ጨለመበት፣ በማግስቱም ተከተለው። ሲያገኘው ቁራዎች ቀድመውታል፤ አውሬው ግን ገና ይተነፍስ ነበር። ኦርቪል ያን ቀን እቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። ከዚያ ወዲያ ከማግነም በታች የሆነ ጥይት በእጁ አልነካም፣ ከአምስት መቶ ያርድ በላይም ተኩሶ አያውቅም። በነዚህ ሁለት ነገሮች የሚቀልድበትን ሰው አይወድም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ዕጣው ወጣለት። የቀንደ ጥምዝ የተራራ በግ ፈቃድ እኛ ዘንድ በዕጣ ነው የሚሰጠው። ሰው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ይሞክራል፤ አብዛኛው ሳይደርሰው ይሞታል። ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ለከርሞም አይቆይም። ኦርቪል ወረቀቱን ሲያይ እንደ ልጅ ጮኸ። ጉልበቱን ረስቶ በረንዳው ላይ ዘለለና ለሳምንት አነከሰ።

ደስታው አንድ ወር አልሞላውም። በቀረችው ዓይኑ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይታየው ጀመር። ሐኪሙ አየውና ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን መላቀቅ መጀመሩን ነገረው። የላላውን ቦታ በጨረር አጣብቆለት፣ «ከባድ ጠመንጃ አትተኩስ» አለው። «ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው እርግጫ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ላያላቅቀውም ይችላል። ከተላቀቀ ግን መቀየሪያ ዓይን የለህም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ፒካፑን የምትነዳው ዴልማ ነበረች።

«የኔን ስድስት ነጥብ አምስት ትወስዳለህ። አለቀ» አለችው።

«ቀላል ጥይት? እኔ?»

«አዎ አንተ! በግ ነው እኮ፣ አጋዘን አይደለም።»

«በግስ ነፍስ የለውም? እኔ በዚህ ጉልበት አጠገቡ አልደርስ። ከሩቅ ነው የምተኩሰው። ከሩቅ ደግሞ ጉልበት ያለው ጥይት ያስፈልገኛል።»

«ዓይንህ ቢጠፋስ?»

«አንድ ጥይት ነው፣ ዴልማ። ዒላማ ወረቀት ላይ እንኳ አልሞክርም። መሣሪያው አምና ተስተካክሏል፤ እንዳለ ይቀመጥ። አንዲት እርግጫ ዓይኔ ይችላታል።»

«ባይችላትስ?»

ኦርቪል በመስኮቱ ወደ ተራራው ዞረ። «ባይችላትም በጉን አይቼ ነው» አለ።

ዴልማ መኪናውን ዳር አስይዛ አለቀሰች። እሱ ጀርባዋን እየደባበሰ፣ «በይ ተይ፣ በይ ተይ» አላት። ወንድሟ ክላይድም ሞከረ። ሱቁ ውስጥ ሰው እየሰማ፣ «አንተ በቅሎ! የእህቴ ጠመንጃ ከዚያ በግ አልፎ ካናዳ ያለውን ይገድላል» አለው። ኦርቪል፣ «አንተ የምትሸጠውን ሽጥ፤ ስለ መግደል የገደለ ይንገረኝ» ብሎ ወጣ። ሰዉ ሳቀ። ዴልማ ግን አልሳቀችም። ያገባችውን ሰው ታውቀዋለች፤ አልሆንም ካለ አይሆንም።

ያን ጊዜ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣላት። ክፉ ብዬ የምጠራው እኔ ነኝ እንጂ እሷ በዚያ ሰዓት መዳኛ ነው የመሰላት። ጥይቱን የምትሞላው እሷ አይደለች? ወደ ወረቀት አልተኩስም ብሎ የለ? ስለዚህ ለማግነሙ ቀለህ የተለመደውን ባሩድ ትታ ለለስላሳ ጥይት የሚሆነውን ሌላ ባሩድ፣ በትንሹ መዝና ሞላች። መልኩ ያው ነው፣ ርዝመቱ ያው ነው፣ ሲተኮስ ግን እንደ ሕፃን እጅ መታ አድርጎ ይተዋል። እሱ ከተማ በሄደ ቀን አንዱን ጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ወስዳ ተኮሰችው። ትከሻዋ ምንም አልተሰማውም። በቅርቡ ደህና ነው፤ ራቅ ሲል ግን ጥይቱ ቶሎ ይወርዳል። ራቅ ባለ ቁጥር ከታሰበው ቦታ እጅግ ዝቅ ብሎ ይመታል። ለካች፣ አሰበች፣ በቃሏ ያዘችው። «ቅርብ አደርሰዋለሁ» አለች ለራሷ። «ተሸክሜም ቢሆን አደርሰዋለሁ።» ለስላሶቹን አረንጓዴ ክዳን ባለው ሳጥን፣ ሙሉዎቹን በቀይ ክዳኑ አደረገች። እሱ ሲጠይቃት ከአረንጓዴው አውጥታ ሰጠችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ያስደነገጣት ይኼ ነው።

መጸው ሙሉ በጉ ጠፋ። ግልገል አየን፣ እንስት አየን ይላሉ፤ አውራ ግን የለም። የአደን ወቅቱ ሊዘጋ በመጨረሻው ቀን በበቅሎ ወጡ። በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ኦርቪል ከበቅሎው ሲወርድ ጥርሱን ነክሶ ነው። ከቀትር በኋላ አንድ ገደል አፋፍ ላይ በደረታቸው ተኝተው ማዶውን ሲያስሱ ዴልማ አየችው።

ከቋጥኝ ሥር ተነስቶ ቆመ። ቀንዱ ጆሮውን ዙሮ ወደ ዓይኑ ተመልሷል፤ ጫፉ በጠብ ብዛት ተቆራርሷል። ደረቱ እንደ በርሜል ነው። ነፋሱ ወደነሱ ስለሚነፍስ ሽታቸው አልደረሰውም፣ አላያቸውምም። ኦርቪል በመነጽሩ አገኘው።

«የኔ ጌታ!» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን ነው ዕድሜዬን ሙሉ… ለኪልኝ፣ ዴልማ። ለኪልኝ።»

ዴልማ መለኪያውን ደቀነች። ሦስት መቶ ሠላሳ ያርድ አለ።

ለሙሉው ጥይት ሦስት መቶ ሠላሳ ጨዋታ ነው። ለእሷ ጥይት ግን በጉን ሆዱ ላይ ወይ እግሩ ላይ የሚመታበት ርቀት ነው። ያ አጋዘን ትዝ አላት። ወደ ላይ አድርገህ ተኩስ ብትለው ለምን ይላታል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቀን በእጇ ትሞታለች፤ እሷም አብራ ትሞታለች። ጭንቅላቷ እንደ እብድ ሲያሰላ፣ መዘውሩን ለአምስት መቶ ሃምሳ ካዞረው ጠመንጃው ወደ ላይ ስለሚያነጣጥር የእሷ ጥይት ልቡ ላይ እንደሚያርፍ ደረሰችበት። አምስት መቶውን ሕግ ታውቃለች። ግን ለዚህ በግ፣ ለዛሬ ብቻ ይጥሰዋል ብላ ተስፋ አደረገች።

«አምስት መቶ ሃምሳ» አለች።

ኦርቪል እንደገና በመነጽሩ አየ። «እኔ እኮ ቅርብ መስሎኝ!»

«ገደል ነው እኮ፣ ገደል ያታልላል።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ቁጥሩ ያው ሦስት መቶ ሠላሳ ነበር። «ያው ነው፣ አምስት መቶ ሃምሳ። ተኩስ፣ ኦርቪል። ትችለዋለህ። ለዛሬ ተው ሕጉን፣ በናትህ!»

በጉ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ከዚያ የተሻለ አቋቋም ሰው በሥዕልም አያይም። የኦርቪል ጣት ምላጩ አጠገብ ሄደ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አነሳ።

«አላደርገውም» አለ። «ነይ፣ እንውረድ። ሃምሳ ያርድ ብቻ እንቅረበው።»

ሊወርዱ ሞከሩ። የገደሉ ጫፍ በረዶ ነው። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ተንሸራቶ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ። ዴልማ በኮቱ ይዛ ጎተተችው። ቀና ሲሉ በጉ ቀስ እያለ የማዶውን ጠርዝ እየወጣ ነው። ጫፉ ላይ አንዴ ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከዚያ የለም። ብርሃኑም ከኋላው ተከትሎት ሄደ።

ኦርቪል በረዶው ላይ ተቀምጦ እንባው ጢሙ ላይ እስኪደርቅ አለቀሰ። አንገቱን ሲያቀና ግን እጇን ያዛት።

«እግዜር ይስጥሽ» አላት።

«ለምኑ?»

«ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያ ወንድምሽ ቢሆን፣ አራት መቶ ነው ብሎኝ አቁስዬው ነበር። አንቺ አትዋሺኝም።»

  ዴልማ በቅሎዎቹን ላምጣ ብላ ተነሳችና ወደ ዛፎቹ ሄደች።

እንግዲህ ዓይኑ ተረፈ፣ ብላ ራሷን አጽናናች። የብርዱን ወራት ሙሉ ሲያነብ፣ ምስማር ሲለቅም፣ መስኮት ላይ ቆሞ በረዶ ሲያይ እየሰረቀች ታየው ነበር። ይኼ የኔ ሥራ ነው ትላለች። በጉ ቢሄድም ዓይኑ አለ።

በየካቲት አንድ ጠዋት ኦርቪል ቁርስ ላይ ማንኪያ ወደቀበትና ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል፣ «ዴልማ፣ መጋረጃውን ለምን ዘጋሽው?» አላት።

መጋረጃው አልተዘጋም ነበር።

ከተማ ወሰዱት፣ ቀደዱት፣ ሰፉት፣ እንደገና ቀደዱት። አልሆነም። ሐኪሙ ራሱን እየነቀነቀ፣ «መቼም መሆኑ አይቀርም ነበር፤ ጠመንጃ ቢተኩስም ባይተኩስም» አላት። ሰውየው ሊያጽናናት ነው እንዲህ ያለው። ዴልማ ኮሪደሩ ላይ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። ጠመንጃ ቢተኩስም ባይተኩስም። በቀሩት ጥቂት ወራት ሊያየው የሚችለውን አንድ ነገር፣ እሷ ናት የነጠቀችው።

የባሰው ግን ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ኬክ ይዞ ይቀመጣል፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ በጉ ላይ ይደርሳል። ኦርቪል ያችን ቀን መተረክ ይወዳል፤ የቀረችለት ያቺው ቀን ናት።

«አንተ ግን ያን ቀን መተኮስ ነበረብህ» ይለዋል ክላይድ።

«አምስት መቶ ሃምሳ ነበር እኮ! እህትህ ሁለቴ ለክታዋለች። እኔ በዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሆዱን የመታሁት በግ እየተንከባለለ ቢታየኝ ይሻል ነበር? አሁን የሚታየኝ ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ ሙሉ ሆኖ ነው። ያንን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

ዴልማ ይህን በሰማች ቁጥር ዕቃ ታጥባለች። ንጹሕ ዕቃ ሳይቀር ታጥባለች። እህል አልወርድ ብሏት ቀሚሷ ሰፋባት። ትምህርት ቤት ልጆች ሾርባው ጨው በዛበት ይላሉ። ብትነግረው ያን ሙሉ ሆኖ የቆመለትን በግ ትገድልበታለች፤ ባትነግረው ምስጋናው እሷን ይገድላታል። ሌሎቻችን ባሏ በመታወሩ ነው የከሳችው እያልን እናዝንላት ነበር። ምን እናውቃለን።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል ኦርቪል አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆኖ ጠራት።

«ማግነሙን አምጪልኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልተኩሰዋ! ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል፣ ዓይኔ ይጠፋል?» ብሎ ሳቀ፤ ከታወረ ወዲህ የሳቀው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። «ወደ ኮረብታው አስተካክለሽ አሸዋው ከረጢት ላይ አስቀምጪልኝ። አንዴ ትከሻዬን ይርገጠኝ። ያችን ያልተኮስኳትን ልተኩሳት።»

ዴልማ ጠረጴዛውን አውጥታ ጠመንጃውን አመቻቸች። ሰውም ከብትም በሌለበት በአፈሩ ኮረብታ ሆድ ላይ አነጣጠረችለት። ከዚያ ጥይት ላምጣ ብላ ገባች።

ሁለቱ ሳጥኖች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ቀዩ ክዳንና አረንጓዴው። ከቀዩ ብታወጣ ጠመንጃው እንደ ድሮው ይራገጣል፣ ኦርቪል ትከሻውን እያሻሸ ይስቃል፣ በጉም ጠርዙ ላይ ሙሉ ሆኖ እንደ ቆመ ይኖራል። ማንም አያውቅም። እጇ ወደ ቀዩ ሄደ፤ ክዳኑን ከፈተችው። ጥይቱን ይዛ በሩ ድረስ መጣች። በመስኮቱ አየችው። እጁን አመቻችቶ ዘርግቶ፣ ከሷ ሊቀበል እየጠበቀ ነው። ያ የተዘረጋ መዳፍ አቃታት። ተመለሰች። ቀዩን ዘግታ አረንጓዴውን ከፈተች።

መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በጣቱ ዳሰሰው፣ «የዴልማ እጅ» አለ፣ አጎረሰውና አቀባበለ። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ፣ ትከሻውን አጠነከረ፣ ምላጩን ሳበ።

ድምፁ ኮረብታው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ኦርቪል አልተንቀሳቀሰም። የጠበቀው እርግጫ አልመጣም። እጁን ቀስ ብሎ አንስቶ ትከሻውን ነካ፣ የሌላ ሰው ትከሻ ይመስል ቦታውን ፈለገው። ከዚያ ማቀባበያውን ስቦ ቀለኋን አወጣና አፍንጫው ላይ ያዛት። ባሩዱ የሚያውቀው ባሩድ አይደለም።

ዴልማ ከኋላው ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል።

 ጥይት ሲሞላ ሲተኮስ እያየ የኖረ ሰው ነው፤ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

«በጉ ስንት ያርድ ላይ ነበር?» አላት።

«ሦስት መቶ ሠላሳ።»

«ሦስት መቶ ሠላሳ» አለ እሱም። ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ፤ ተራራው በየት በኩል እንዳለ በነፋሱ ያውቃል።  እሷ እንዲጮህ፣ እንዲሰድባት፣ ጠመንጃውን እንዲወረውር ጠበቀች። እሱ ግን ቀለኋን ጠረጴዛው ላይ አቆመና መዳፉን እንደገና ዘረጋ።

«አሁን የኔን፣ ሙሉውን ጥይት አምጪልኝ» አላት።